ጭዱን ሳትቆጥሩ እንስሳ አትቀበሉ፦ ለተጣሉ ፈረሶችና አህዮች መጠለያ ለመክፈት ላሰባችሁ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ስድስት ፈረስና ስምንት አህያ አሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ዳር ተጥለው የተገኙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ባለቤቶቻቸው «ከዚህ በላይ አቅም የለኝም» ብለው ራሳቸው ጎትተው አምጥተው ያስረከቡኝ። እኔ 14 ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፤ አባቴም ባለጋሪ ነበር። የምጽፍላችሁ በእጄ ያለፈውን ነው፤ ከእንስሳት ሐኪሞች የተማርኩትንም እዚሁ ግቢ ሲሠራ ያየሁትን ብቻ እጨምራለሁ።

ብዙ ወጣት እየደወለ «ጋሼ፣ እኛም ከተማ እንዲህ ያለ መጠለያ ልንከፍት ነው፤ ከምን እንጀምር?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ከጭድ ጀምሩ።

እኔ ከጭድ አልጀመርኩም። በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ባጃጅ በዝቶ የጋሪ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ያረጀ ወይም እግሩ የታመመ ፈረስ ቀላቢ አጣ። ባለቤቱ ሲመሽ ከከተማ ያወጣውና ለኮውን ፈትቶ ይመለሳል። ሌሊቱን ጅብ ይጨርሰዋል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። አንድ ማለዳ ዳማ የሚባል ፈረስ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። የሥራ ጓደኛዬ ፈረስ ነበር፤ ስንት ቀን ጎን ለጎን ተሰልፈን መንገደኛ ጠብቀናል። የኋላ እግሩ አብጦ መርገጥ አቅቶታል። ቀስ እያልኩ እየመራሁ ቤቴ አስገባሁት። ወሬው ተሰማ፤ ሌላውም ሌላውም መጣ። በዓመቱ 17 ደረሱ። ማንንም አልመለስኩም፤ እምቢ ማለት ኃጢአት መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ ጭዱ አለቀ። በክረምት ጭድ ያለው ሰው ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ ገንዘብ አልነበረኝም። እስከ መስከረም አራቱ ሞቱብኝ። ከጅብ ያስጣልኳቸውን በረሃብ ገደልኳቸው። ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ይህን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ስሌቱ

አሁን የማሰላው እንዲህ ነው። የእኛ አገር አህያ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ትመዝናለች፤ በቀን 2 ኪሎ ያህል ጭድ ይበቃታል። የጋሪ ፈረስ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይሆናል፤ ለእሱ በቀን 4 ኪሎ ተኩል እይዛለሁ። ስምንቱ አህዮች 16 ኪሎ፣ ስድስቱ ፈረሶች 27 ኪሎ፤ በድምሩ በቀን 43 ኪሎ። ጭድ የሚወደደው ከሰኔ እስከ ህዳር ነው፣ 180 ቀን ገደማ። 43 በ180 ሲባዛ 7,740 ኪሎ ይመጣል። የሚረገጠውን፣ የሚረጥበውን፣ የሚሻግተውን አስባችሁ አንድ አምስተኛ ጨምሩበት፤ ወደ 93 ኩንታል ይጠጋል። ሰኔ 1 ቀን ይህ 93 ኩንታል ክምሬ ላይ ከሌለ አዲስ እንስሳ አልቀበልም። በክረምት የሚበቅለውን ሳር ሒሳብ ውስጥ አላስገባም፤ ከተገኘ እሰየው።

የሚገዛው ጥር ላይ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገበሬው አውድማውን ለማጽዳት የሚቸኩልበት ጊዜ ነው። ከየሰፈሩ ጥቂት ጥቂት ከመለቃቀም ከሁለት ወይም ሦስት ገበሬ ጋር በቋሚነት ተስማሙና በአይሱዙ አንድ ጊዜ አስጭኑ። ከመጫኑ በፊት እጃችሁን ወደ ክምሩ ውስጥ እስከ ክንድ አስገቡና አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለው ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት፤ የሻገተ ጭድ የፈረስ ሳንባ ያበላሻል፣ አንዴ የጀመረው ሳልም ለዓመታት አይለቀውም። ክምሩን መሬት ላይ አትከምሩ። እኔ ድንጋይ ደርድሬ፣ ባሕር ዛፍ ረብርቤ፣ ከላይ ቆርቆሮ አልብሼ ነው የማስቀምጠው።

ደጋ ላላችሁ ሰዎች አንድ መልካም ነገር ልንገራችሁ፤ ለአህያ ከሁሉ የሚስማማት የገብስ ጭድ ነው። ጥርሷ ላለቀ አሮጊት ደግሞ የአጃ ጭድ ይለሰልስላታል። አህያ የበረሃ ልጅ ናት። የዱር ዘመዷ ዛሬም አፋር በረሃ ውስጥ አለች፤ ሰውም አህያን ያላመደው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ በዘረመል ጥናት ታውቋል። ሆዷ የተሠራው ለድርቅ መኖ ነው። አዝናችሁላት እህል ብትደፉላት ትወፍራለች፣ ከዚያ ሰኮናዋ ውስጥ ይቆስላል፣ መቆም ያቅታታል። በሌላ በኩል ፀጉሯ እንደ ፈረስ ዝናብ አያንሸራትትም፤ ውስጧ ድረስ ትረጥባለች። ሰኮናዋም ውኃ ይመጥጣል። የእኛ የክረምት ጭቃና ውርጭ ለእሷ የሰው አገር ነው። መጠለያ ስትሠሩ ይህን አትርሱ።

ግቢውና ጅቡ

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። ግንብ ግን ያስጥላል። የኔ አጥር 2 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ካብ ነው፤ መሠረቱ ግማሽ ሜትር መሬት ውስጥ ገብቷል፣ ምክንያቱም ጅብ መዝለል ሲያቅተው ይቆፍራል። ደካማው ቦታ ሁልጊዜ በሩ ነው። ከበሩ ሥር ክፍተት እንዳይኖር ደፉን በሲሚንቶ ሠርቼ ላሜራው እስከዚያ እንዲወርድ አድርጌያለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ይገባሉ፣ ይቆጠራሉ፣ በሩ በቁልፍ ይዘጋል። ሁለት ውሾች አሉኝ፤ እነሱም የተጣሉ ነበሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን በየዓመቱ አስከትባለሁ።

ጋጡ በሦስት ጎን የተዘጋ፣ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት ይሁን፤ ክፍቱ ጎን ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ነው የሚዞረው። ለሁለት አህያ ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ወለሉን ከግቢው ከፍ አድርጉና ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ሥሩለት፤ ሽንቱ እንዲወርድ። በላዩ ጭድ ጎዝጉዙ። በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የታመመና የከሳ እንስሳ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ስለሆነች አሮጌ ብርድ ልብስ መለመን አያሳፍርም፤ ከየቤቱ ይሰጡኛል። ብቻ የረጠበ ብርድ ልብስ ባዶ ጀርባ ከመሆን ይከፋልና ጠዋት ጠዋት አውልቃችሁ አስጡት።

ከባለቤቱ ጋር

ይህን ክፍል በትዕግሥት አንብቡልኝ። ብዙ ሰው መጠለያ ሲከፍት ከእንስሳው ጋር ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ግራጫ ባዝራ መንገድ ዳር አግኝቼ ሰባት ወር አስታመምኩ። ወፈረች፣ ፀጉሯ አበራ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ «ፈረሴን» አለ። የሱ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ተቀመጠ። «ቀለቧን ይክፈልህ፣ ንብረቱ ግን የእሱ ነው» ተባለ። ከፈለኝ፤ ፈረሷም ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሸዋ ስትጎትት አየኋት። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀት አልነበረኝም።

ስለዚህ ያለ ርክክብ ወረቀት ማንንም አትቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የእንስሳው ቀለም፣ ፆታ፣ በጥርስ የተገመተ ዕድሜ፣ ምልክት፣ ያለበት ቁስል ይጻፋል። የባለቤቱ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የሦስት ምስክር ስም፣ «ከዛሬ ጀምሮ የባለቤትነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ቃል ይኑርበት። እንስሳውን ከባለቤቱ ጋር አቁማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ባለቤት ያልተገኘለት ከሆነ በዚያው ቀን ለቀበሌና ለፖሊስ አሳውቃችሁ ማስረጃ ተቀበሉ፤ በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነግሩ። እኔ 30 ቀን እጠብቃለሁ። እናንተ ራሳችሁም ሕጋዊ ሰውነት ይኑራችሁ፤ ለማኅበር ምዝገባ በአዲስ አበባ ወይም ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው የሚገዛው፣ በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ለምትሠሩ የክልሉን ሕግ ጠይቁ።

ባለቤቱን አትሳደቡ። ሲያስረክባችሁ ቁስሉን እያያችሁ ልባችሁ ይበግናል፤ የኔም ይበግናል። ግን ዛሬ በበራችሁ የተሰደበ ሰው ለሚቀጥለው እንስሳ በሌሊት ነው የሚወጣው። ይልቅ ሻይ ስጡትና አስወሩት። አንድ አዛውንት ውኃ የምታመላልስላቸውን አህያ ሲያስረክቡኝ አልቅሰዋል። ልጆቻቸውን ያሳደገችላቸው እሷ ነበረች። ስናወራ አህያዋ መጠለያ እንደማያስፈልጋት ገባኝ፤ ያስፈለጋት ሰኮናዋ መቆረጡ፣ ሁለት ሳምንት ማረፏና የተስተካከለ የጭነት ትራስ ነበር። ሦስቱንም አገኘችና አብረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አሁን ወደ በሬ ከሚመጡት ግማሽ ያህሉን በዚህ መንገድ ነው የምመልሳቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ትራስ ከአንድ ዓመት ጭድ ይረክሳል።

ትራሱን እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ። ገጣባ የሚመጣው ጭነቱ አከርካሪው ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለት ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ሰፍታችሁ ጭድ ጠቅጥቁባቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ጎድን ላይ እንዲያርፉ በሦስት ቦታ በጨርቅ መቀነት አያይዟቸው። መሃሉ፣ አከርካሪው ያለበት፣ ባዶ ይቀራል። በዚያ ክፍተት ውስጥ አራት ጣት ማስገባት ካቃታችሁ ትራሱ ቀጥኗል። ለእግር ማሰሪያም የናይለን ገመድ አስጥሏቸው፤ ሥጋ ይቆርጣል፣ ጅማት ድረስ ይገባል። ሰፊ የጨርቅ መቀነት ይተካዋል።

አዲስ የገባ እንስሳ

መጀመሪያ ውኃ፣ ጥላ፣ ጸጥታ። ከዚያ እጃችሁን ዘርጉና ቁጠሩ። ጤነኛ አህያ በደቂቃ ከ12 እስከ 28 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ልቧ ከ36 እስከ 52 ይመታል፣ ሙቀቷ ከ36.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። የፈረስ ልብ ቀስ ይላል፣ ከ28 እስከ 44፤ ሙቀቱ እስከ 38.5 ሊደርስ ይችላል። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ ሆዱን ሲያመው ይንከባለላል፣ ይራገጣል፤ አህያ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። «ደህና ናት፣ ቆማ የለ?» ያልኩባቸው ሞተውብኛል። አህያ መብላት ካቆመች እስከ ነገ አትጠብቁ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች። ሳትበላ ስትቀር የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይለቀቃል፣ ጉበቷን ያውካል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች። በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

አዲሱን እንስሳ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ። እኔ 21 ቀን በለይቶ ማቆያ አቆያለሁ፤ ባልዲው፣ ለኮው፣ መጥረጊያው የራሱ ነው፣ የሚቀለበውም ከሁሉ በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ የምፈራው በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚመጣውን፣ ሐኪሞቹ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚሉትን በሽታ ነው። ፈንገስ ነው። በእግር፣ በደረት ወይም በአንገት ቆዳ ሥር እንደ ገመድ ተያይዘው የሚወጡ እብጠቶች ታያላችሁ፤ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወጣሉ። በዝንብ፣ በቁስልና ከፈረስ ወደ ፈረስ በሚዘዋወር ዕቃ ይተላለፋል። ከደብረ ብርሃን ይልቅ ሞቅ ካሉ ከተሞች የሚመጡት ላይ ይበዛል። ጥቂት እብጠት እያለ በአዮዲን ሕክምና ተስፋ አለው፤ ገላውን ከሸፈነው ግን ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አህያ ወይም ፈረስ አፉ ልጋግ ካዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ያለ ምክንያት ከተናከሰ «ጉሮሮው ውስጥ አጥንት አለ» ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የነከሳችሁ ወይም ቁስላችሁ ላይ ልጋግ የነካችሁ እንደሆነ ቦታውን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። በግቢያችሁ የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢከተብ እመኛለሁ፤ የኔ ሠራተኛ ተከትቧል።

የከሳውን ማብላት

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ደግነት ይገድላል። ከአራቱ ሟቾች በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት ፈረስ መጣችልኝ። በዚያ ክረምት ስላሳለፍኩት ልካስላት ፈልጌ አንድ ቁና ገብስ አቀረብኩላት። በላች። ማታም ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀች፣ አልተነሣችም። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ብዙ ጊዜ የተራበ ገላ ድንገት እህል ሲገባለት ስኳሩን ለመጠቀም በደሙ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ፎስፈረስና ማዕድን ሁሉ ወደ ሥጋው ይስባል፤ ከዚያ ልብና ሳንባ ይደክማሉ። አደጋው የሚብሰው ከሦስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ነው። «ተርፋለች» ብላችሁ እፎይ የምትሉበት ጊዜ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እህል፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ሞላሰስ፣ ምንም። አልፋልፋ ካላችሁ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ስድስት ጊዜ፣ ለእኛ ትንንሽ ፈረሶች ሩብ ኪሎ ያህል ስጡ። አልፋልፋ ከሌለ ጥሩ ድርቆሽ ይሁን። ሌሊት መነሣት ይከብዳል፤ እኔና ሠራተኛዬ ስልክ አስደውለን እንፈራረቃለን። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መጠኑን በጥቂቱ ጨምሩ፣ ጊዜውን ቀንሱ፤ በአሥረኛው ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ እስኪጠግብ ቢበላ አይጎዳውም። እህል ግን ለወራት ይቅር። በጣም የከሳ ፈረስ ሥጋ እስኪያወጣ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጃል፤ አታፋጥኑት። የሆድ ትል መድኃኒትም በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፤ ትንሽ ጉልበት ሲያገኝ፣ ሐኪሙ በክብደቱ ለክቶ ይስጠው።

ቁስል

በየቁስሉ ላይ የማገኘውን ብዘረዝር ታዝናላችሁ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ ቤንዚን፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቆዳ። ያደረጉት ሰዎች ለማዳን ብለው ነው ያደረጉት። አባቴም ይተኩስ ነበር። ገጣባን የሚያድነው ንጽሕናና እረፍት ነው። አንድ ሊትር ውኃ አፍሉ፣ ሁለት ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ አቀዝቅዙና በቀን ሁለት ጊዜ ቁስሉን እጠቡበት። ከቁስሉ በታች ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ቀቡት፤ የሚወርደው ፈሳሽ እንዳይልጠው። ዝንብ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ቀን ቀን ጨለም ያለ ጋጥ ውስጥ አስገቡት። መዳፍ የሚያክል ገጣባ እስኪዘጋ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ሦስት ወራት ኮርቻም፣ ትራስም፣ ልጅም አይወጣበትም። የጅብ ንክሻ፣ ብዙውን ጊዜ ታፋ ላይ ነው፣ ጥልቅ ስለሚሆንና መንጋጋ ቆልፍም የእብድ ውሻም ስጋት ስላለበት የሐኪም ነው እንጂ የእናንተ አይደለም።

ሰኮና በየስድስት እስከ አሥር ሳምንት ይቆረጣል። ጥርስ በዓመት አንዴ ይታያል፤ የመንጋጋ ጥርስ ጠርዙ ስለት አውጥቶ ጉንጭ ሲቆርጥ እንስሳው ጭዱን አላምጦ ይተፋዋል፣ ሰውም «አረጀ» ይለዋል። ሐኪሙ ሲሞርድለት ተመልሶ ይበላል። ሐኪም ለማግኘት ከከተማችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጀምሩ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለ፤ ብሩክ፣ ስፓናና ዶንኪ ሳንክችዋሪም በአገራችን በጋማ ከብት ላይ ሲሠሩ የኖሩ ድርጅቶች ናቸው።

ወንዶቹን አኮላሹ። የማይኮላሽ ወንድ ያለበት መጠለያ በዓመቱ የውርንጭላ ግቢ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ውርንጭላ ደግሞ ከ93 ኩንታሉ ላይ ይበላል። የተኮላሸውም ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል 30 ቀን ለብቻው ይቆይ።

አህያ ጓደኛ ትይዛለች። ሁለት አብረው የመጡ ከሆነ አትለያዩዋቸው፣ አንዷ ስትታመም እንኳ ሁለተኛዋ ከጎኗ ትሁን። አብረው ከኖሩ ሁለት አሮጊት አህዮቼ አንዷ የሞተች ጊዜ ቶሎ ብዬ ሬሳውን አስወጣሁ። የቀረችው ሦስት ቀን እየዞረች ጮኸች፣ መብላት አቆመች፤ በስንት መከራ ነው ያተረፍናት። አሁን በድኑን አጠገቧ እተዋለሁ። ታሸታለች፣ በአፍንጫዋ ትገፋዋለች፣ ትቆማለች። ከሰዓታት በኋላ ራሷ ትታው ትሄዳለች። ያኔ እናነሣለን።

ማሰናበት

ስለዚህ ጉዳይ መናገር ይከብደኛል፤ የማትችሉት ከሆነ ግን መጠለያ አትክፈቱ። እግሩ የተሰበረ ፈረስ፣ በሽታው ገላውን የጨረሰ፣ መነሣት ያልቻለ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ «ነፍስ የሰጠ ይውሰዳት» እያልኩ ሲጮኹ አድሬያለሁ። ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ስቃዩን አይተህ ዝም ማለትም ያስጠይቃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ተስፋ የለውም ሲል አላዘገይም። ቀን፣ በለመደው ቦታ፣ የሚወደው ሰው አንገቱን ይዞለት፣ በመድኃኒት ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በመድኃኒት የተሰናበተ እንስሳ ሬሳው መርዝ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ ጥንብ አንሳዎችና ውሾች በልተውት ይሞታሉ። 2 ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከውኃ ጉድጓድና ከወንዝ አርቃችሁ ቅበሩ። ክረምት ላይ ለመቆፈር ስለሚያስቸግር እኔ በግንቦት አንድ ጉድጓድ አስቀድሜ አስቆፍራለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር፤ አሁን ለምዶባቸዋል።

ያረጁ አህዮችን «እኔ ልገላግልህ» ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያቀርብ እንግዳ ሰው ቢመጣ ተጠንቀቁ። የአህያ ቆዳ በቻይና ለባህላዊ መድኃኒት ስለሚፈለግ በመላው አፍሪካ ስርቆት በዝቶ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ እንዲቆም ወስኗል። ሌባ ግን ውሳኔ አያነብም፤ የበሩ ቁልፍ ይኑር።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ፋንድያውን ነጭ ሽንኩርት ለሚያመርቱ እሸጣለሁ፤ የሠራተኛዬን ደመወዝ ግማሽ ይሸፍናል። የቀረውን ከከተማው ነጋዴዎችና ውጭ አገር ካሉ የደብረ ብርሃን ልጆች አገኛለሁ። ከእነሱ ጥሬ ብር ከምጠይቅ «የአንድ አህያ የስድስት ወር ጭድ» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በዚያው ስሌት 4 ኩንታል ከ32 ኪሎ ነው። ጥር ላይ ክምሩን ፎቶ አንስቼ እልክላቸዋለሁ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ የቀረውን። ሲቀንስ ስለሚያዩት ሳልጠይቃቸው ይደውላሉ።

ትናንት ግንቦት 30 ከሠራተኛዬ ጋር ሆነን ክምሩን ለካን። በረድፍ ቆጥረን፣ ከየቦታው አንዳንድ ማዳበሪያ መዝነን፣ 104 ኩንታል ሆነ። ከሚያስፈልገው 11 ኩንታል ይተርፋል፤ ለሁለት አህያ ይበቃል። ስማቸው በተራ ደብተሩ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ ነበር፣ ድንጋይ የሚያመላልሱ እናትና ልጅ ናቸው። ባለቤታቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሦስት ምስክሮቹ ጋር ይዟቸው ይመጣል። ለይቶ ማቆያውን ጠርጌ፣ ሁለት ባልዲ ውኃ አስቀምጬ፣ አሞሌ ጨው ሰቅዬ እየጠበቅኩ ነው።